በበቅሎ ጀርባ የተጓዘ ቴዎዶላይት

የመጽሔታችን አዘጋጅ ክፍል በሩቅና በአስቸጋሪ አገር ኖሮ ስለ ሠራ አንድ የታወቀ ሰው እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጡት የዋልታን በረዶ የረገጡትና የሰሐራን አሸዋ ያቋረጡት ሰዎች ነበሩ። ስለ እነርሱ ግን ብዙ ተጽፏል። ከዚህም በላይ እኔ የማውቀው በረሃ በረዶም አሸዋም የለበትም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል በጊቤ ሸለቆ አጠገብ በመንገድ ጥናት ሥራ ላይ ተሰማርቼ በድንኳን ኖሬአለሁ። እዚያ ሳለሁ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ አንድ ፈረንሳዊ ቀያሽ አጫወተኝ። ይህ ሰው እኛ በሳተላይት መቀበያ የምንለካውን አገር ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት በበቅሎ በተጫነ ቴዎዶላይት ለክቶ፣ የየተራራውን ስም ከባላገሩ ጠይቆ በመዝገብ አስፍሮ ነበር። ስሙ አንትዋን ዳባዲ ይባላል። በታሪክና በቋንቋ ተመራማሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው፤ በእኛ በመሐንዲሶች ዘንድ ግን ስሙ ሲነሣ እምብዛም አልሰማሁም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ። ዳባዲ በ1810 በደብሊን ከተማ ከአየርላንዳዊት እናትና በትውልዱ ባስክ ከሆነ ፈረንሳዊ አባት ተወለደ። ወንድሙ አርኖም በ1815 እዚያው ተወለደ። ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ አንትዋንም በዚያ አድጎ በፓሪስ የሳይንስ ትምህርት ተከታተለ። ቤተሰቡ ሀብታም ነበር። የተጓዦችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ነጥብ ቶሎ ያልፉታል፤ እኔ ግን በጀት ሲዘገይ አንድ የቅየሳ ቡድን ምን ላይ እንደሚወድቅ ስላየሁ አላልፈውም። ዳባዲ በኢትዮጵያ ላሳለፈው ዘመን ወጪውን የቻለው ከገዛ ኪሱ ነው። የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ በየሩብ ዓመቱ የሚያቀርበው ሪፖርት አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ተራራ በደመና ቢሸፈንበት ደመናው እስኪገለጥ ድረስ መጠበቅ ይችል ነበር።

በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የመሬት ማግኔት በቀኑ ሰዓቶች ውስጥ የሚያሳየውን ለውጥ እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው። በተሳፈረባት የጦር መርከብ ላይ ከአገሩ ተባርሮ የሚሄድ አንድ መስፍን አብሮት ነበር፤ ይህም ሰው ኋላ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ተብሎ የነገሠው ነው። ዳባዲ ልኬቱን ፈጽሞ ተመለሰ። የብራዚሉ ጉዞ ለእሱ ዋናው ነገር አልነበረም፤ ልቡ አስቀድሞ በአፍሪካ ላይ ነበር።

በየካቲት 1838 አንትዋንና አርኖ ምፅዋ ወረዱ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት የሚባሉ ቢኖሩም ሥልጣኑ በራስ አሊ እጅ ነበር፤ ትግሬንና ሰሜንን ደጃዝማች ውቤ፣ ጎጃምና ዳሞትን ደጃዝማች ጎሹ ይገዙ ነበር። መንገደኛ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር የገዥውን ፈቃድ፣ ስጦታና ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ያስፈልገው ነበር። ወንድማማቾቹ በዚያው ዓመት ጎንደር ደረሱ፤ ሊቅ አጽቁ የተባሉት የከተማው ሊቅም በቤታቸው ተቀብለው አስተናገዷቸው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ለዚህ ሰው ያለኝን አክብሮት ያጸናልኝ ነው። አንትዋን ጎንደር እንደ ገባ ወደ ሥራ አልተጣደፈም። የያዛቸው መሣሪያዎች ለዚህ ተራራማ አገር የሚበቁ አለመሆናቸውን ተረዳ፤ ስለዚህ አርኖን በኢትዮጵያ ትቶ፣ የመጣበትን የወራት መንገድ ሁሉ ተመልሶ፣ ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ ገባ፤ የተሻሉ መሣሪያዎችም ገዝቶ በ1840 እንደገና ወደ ቀይ ባሕር መጣ። ያለ በቂ መሣሪያ ወደ መስክ ወጥተን፣ አንድ ጊዜ ከወጣን ብለን ባለን ነገር አንድ ቁጥር ጽፈን የተመለስን ስንቶቻችን ነን? እሱ ግን ሁለት ዓመት መክሰርን መረጠ። ተመልሶ ሲመጣም መንገዱ ቀና አልሆነለትም። የዓይን ሕመም ክፉኛ ያዘው፤ ለቀያሽ ከዚህ የከፋ ሕመም የለም። የባሕሩ ዳርቻ በር ተዘጋበት፤ ኤደን ላይ የነበሩት እንግሊዞችም ለፈረንሳይ የሚሰልል መስሏቸው ተጠራጠሩት። ጎንደርን ዳግመኛ ያየው በ1842 ነው።

ሥራው ምን ነበር? የሰሜኑንና የምዕራቡን ኢትዮጵያ ካርታ በእውነተኛ ልኬት ላይ መመሥረት ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ተጓዦች አብዛኞቹ ካርታቸውን የሠሩት የአንድ ቀን መንገድ ይህን ያህል ነው እያሉ በግምት ነው። ኬክሮስን በፀሐይና በኮከብ ከፍታ መለካት ይቻላል፤ ኬንትሮስ ግን ሰዓት ይጠይቃል። ምድር በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ ሰዓቱ በአራት ሴኮንድ ብቻ ቢያሳስት ቀያሹ በእኛ አገር ኬክሮስ ላይ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይሳሳታል። በመርከብ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ክሮኖሜትር ለዚህ ይበቃ ይሆናል። በበቅሎ ተጭኖ የሊማሊሞን ገደል የሚወርድና የሚወጣ ሰዓት ግን በስንተኛው ቀን ሊታመን ይችላል?

ዳባዲ ለዚህ ያገኘው መላ ቀላልና ብልህ ነበር። ኢትዮጵያ ተራራማ መሆኗ ለመንገደኛ መከራ ቢሆንም ለቀያሽ ግን ሲሳይ ነው። ከአንዱ ከፍታ ላይ ቆሞ ሲመለከቱ በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሌላ አምባ ይታያል። ስለዚህ በየከፍታው ላይ ቴዎዶላይቱን ተክሎ፣ በፀሐይ አማካይነት ትክክለኛውን ሰሜን አግኝቶ፣ አድማሱን ዙሪያውን እየተመለከተ የሚታየውን ጫፍ ሁሉ አቅጣጫና የከፍታ ማዕዘን ይመዘግባል። ከዚያ ወደ ሌላ ከፍታ ሄዶ እነዚያኑ ጫፎች ከአዲሱ ቦታ መልሶ ይለካል። በዘመኑ የአውሮፓ ጂኦዴሲ ደንብ መሠረት አስቀድሞ በሜዳ ላይ አንድ የመነሻ መስመር በብረት ዘንግ መለካት ነበረበት፤ እሱ ግን ወታደር በሚመላለስበት አገር ለሳምንታት ዘንግ ሲዘረጋ ሊኖር አይችልም። በመነሻ መስመር ፈንታ እርስ በርሳቸው በሚተያዩና በሰሜንና በደቡብ በተራራቁ ሁለት ተራሮች መካከል ያለውን የኬክሮስ ልዩነት ተጠቀመ። የኬክሮሱ ልኬት በአሥር ሴኮንድ ቢሳሳት ስሕተቱ 300 ሜትር ገደማ ነው፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ከመቶ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለው ፈጣን ጂኦዴሲ እንደ አውሮፓው የጠራ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከግምት እጅግ የራቀ ነበር።

ከፍታን የሚለካው ደግሞ በአብዛኛው በሚፈላ ውሃ ነበር። የባሮሜትር መስታወት በጭነት መካከል ይሰበራል፤ ትንሽ ቴርሞሜትርና ማፍሊያ ግን በከረጢት ይያዛል። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል ማለት ነው። የዲግሪን አንድ አሥረኛ አሳስቶ ያነበበ ሰው 30 ሜትር ተሳሳተ። ይህን በነፋስ፣ በብርድና በሚያለቅስ ዓይን ማንበብ ምን እንደሚመስል በተራራ ላይ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

ካርታ ግን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ስም ያስፈልገዋል። በእኔ የመስክ ዘመን ካስቸገሩኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ አንዱ ወንዝ ከላይ አንድ ስም፣ ከታች ሌላ ስም አለው፤ አንዱን ተራራ ከምሥራቅ ያሉት ባላገሮች በአንድ ስም፣ ከምዕራብ ያሉት በሌላ ስም ይጠሩታል። የምጠይቀው ገበሬም አንዳንድ ጊዜ እንዳላዝን ብሎ የመጣለትን ስም ይነግረኛል። ዳባዲ ይህን የተቋቋመው በቋንቋ ነው። አማርኛን ተማረ፤ ግዕዝን ከሊቃውንት ዘንድ ተቀምጦ አጠና፤ ኦሮምኛንና ሌሎችንም የአገሩን ቋንቋዎች መረመረ። በአውሮፓ ፊደል ላይ ምልክት እየጨመረ የእኛን ድምፆች በተቻለ መጠን ሳያዛባ ለመጻፍ ይጠነቀቅ ነበር። ዛሬ በአንዳንድ ካርታዎች ላይ የምናየውን የተጣመመ የቦታ ስም ሳስብ ጥንቃቄው ያስቀናኛል።

አኗኗሩም ከሥራው የተለየ አልነበረም። አርኖ ጦረኛ ነበር፤ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ በጦር ሜዳ አብሯቸው ይውል ነበር። አንትዋን ግን እንደ ተማሪ ኖረ። ከደብተራዎች ጋር መጽሐፍ ይመለከታል፤ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ የአገሩን ምግብ በልቶ ይጓዛል። መጽሐፍ የያዘ ሰው በዚያ የጦርነት ዘመን እንኳ በብዙ ደጃፍ እንደሚከበር አስተዋለ። ነገር ግን ንጹሕ ተመልካች ብቻ ነበር ብዬ ላስመስለው አልፈልግም። በሃይማኖቱ ጽኑ ካቶሊክ ነበር፤ በ1845 ወደ ሮም የላከው ደብዳቤ በ1846 በኦሮሞ አገር የካቶሊክ ሚሲዮን እንዲቋቋምና ማሳያ የተባሉት ጳጳስ እንዲላኩ ምክንያት ሆኗል። የውጭ ሰው ቴዎዶላይት ተክሎ ሲያይ ገዥዎቹ የተጠራጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ1843 ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ወረደ፤ እናርያም ገባ። የሊሙ እናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ በዚያ ዘመን ከጊቤ ነገሥታት ሁሉ የበረቱ ነበሩ፤ የወርቁ፣ የዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ንግድ በእጃቸው ነበር። እንግዳውን በክብር ተቀበሉት፤ ነገር ግን የጠየቀውን መንገድ ሁሉ አልከፈቱለትም፤ ልሂድ ሲልም በቀላሉ አልለቀቁትም። ወደ ከፋ የገባው በልዩ አጋጣሚ ነው። ንጉሡ ከከፋ ንጉሥ ቤት ሚስት አጭተው ነበርና ሙሽራዪቱን ለማምጣት የሚሄደውን አጀብ ተከትሎ ሄደ። ቦንጋ የቆየው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ከእሱ በፊት ያንን አገር በዓይኑ አይቶ በመሣሪያ የለካ አውሮፓዊ አይታወቅም። እኔ ግን የምደነቀው የቅየሳ መዝገብ ከሠርግ አጀብ ጋር በመሄዱ ነው፤ በዘፈንና በእልልታ መካከል ማዕዘን ሲያነብ አየዋለሁ።

አሁን ወደ ታላቁ ስሕተቱ ደርሻለሁ። የጥቁር ዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ መሆኑ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአውሮፓ የታወቀ ነበር፤ የአገሩ ሰውማ ሁልጊዜም ያውቀዋል። ያልታወቀው የነጭ ዓባይ ምንጭ ነበር፤ ይህንንም ማግኘት የዘመኑ ታላቅ ክብር ነበር። ዳባዲ የጊቤን ወንዝ ተመለከተ፤ ጊቤ ወደ ኦሞ እንደሚገባ ዐወቀ፤ ኦሞ ደግሞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ነጭ ዓባይ ይሆናል ብሎ ደመደመ። በጥር 1846 ከወንድሙ ጋር በባብያ ደን ውስጥ የጊቤ ራስ ካሉት ምንጭ ላይ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከሉ፤ ለዓለምም የዓባይን ምንጭ አገኘን ብለው አስታወቁ።

ኦሞ ወደ ነጭ ዓባይ አይሄድም። ወደ ደቡብ ወርዶ መውጫ በሌለው በቱርካና ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። እርግጥ ነው፣ ሐሳቡ ፈጽሞ የሞኝ አልነበረም፤ ከዚያ ደጋ በስተ ምዕራብ ጥቂት ርቆ የሚወርደው ውሃ በባሮ በኩል በእርግጥ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፤ የውሃ መለያው ሸንተረር ቅርብ ነበር። ግን በኬክሮስ ሴኮንድ የሚጨነቀው ሰው፣ ወንዙ በታች በኩል የት እንደሚደርስ ሳይከተል ደመደመ። ለተራራው ማዕዘን ነበረው፤ ለወንዙ የነበረው ከነጋዴ የሰማው ወሬና ምኞቱ ነው።

ይህን የምጽፈው ከላይ ሆኜ ለመፍረድ አይደለም። በዚያው በጊቤ አካባቢ፣ በሁለተኛው ዓመቴ፣ አንድ ደረቅ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ካለው ገባር ጋር እንደሚገናኝ በካርታ ላይ አይቼ የመንገዱን መስመር በዚያ ላይ መሠረትሁ። አንድ ሽማግሌ ወንዙ ከጉብታው ኋላ ወደ ሌላ ገደል እንደሚታጠፍ ነገሩኝ፤ አመስግኜ መስመሬን ቀጠልሁ፤ ምክንያቱም የፈለግሁት መስመር አጭርና ያማረ ነበር። ሽማግሌው ትክክል ነበሩ። ሁለት ሳምንት የሠራነውን ችካል ነቅለን እንደገና ጀመርን፤ ለሠራተኞቹ ምክንያቱን የነገርሁት በግማሹ ነው። ምንም መሣሪያ አልጎደለኝም ነበር።

ወንድማማቾቹ በ1848 ኢትዮጵያን ለቀው ወጡ። በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ወዲያው ግን ቻርልስ ቢክ የተባለው፣ እሱም በጎጃም ብዙ የተጓዘ እንግሊዛዊ፣ ዳባዲ ከፋን ጭራሽ አላየም ብሎ በጽሑፍ ከሰሰው፤ እሱ ራሱ ከማኅበሩ ተቀብሎት የነበረውንም ሜዳሊያ በቁጣ መለሰ። ክርክሩ መራራ ነበር። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች የከፋውን ጉዞ እውነት ነው ብለው ተቀብለውታል፤ ሆኖም በዓባይ ምንጭ ጉዳይ የታየው ስሕተት በሌላው ሥራው ላይ ሁሉ ጥላ አጠላበት። ስፒክ በ1862 ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። የቦቴጎ ጓድ በ1896 ኦሞን ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ሲገባ አረጋገጠ። ዳባዲ በዚያ ጊዜ የ86 ዓመት ሽማግሌ ነበር።

ከሁሉ የረዘመው ሥራ የተሠራው በወንበር ላይ ነው። በመስክ የተሰበሰበውን በሺህ የሚቆጠር ማዕዘን አስልቶ ለማተም ከመስኩ ዘመን ይልቅ ብዙ ዓመት ወሰደ። ራዶ የተባለው የሒሳብ ሰው ስሌቱን አጣርቶለት፣ የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተባለው መጽሐፍ ከ1860 እስከ 1873 በክፍል በክፍል ከአሥር ካርታዎች ጋር ወጣ። ልኬቱን ከነጥሬ ቁጥሩ ስላሳተመው ማንም ሰው ስሌቱን እንደገና ሊሠራው ይችላል። የዓባይ ምንጭ ሐሳቡ ሲወድቅ ተራሮቹ ያልወደቁት በዚህ ምክንያት ነው። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ።

በግዢና በማስገልበጥ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት በ1859 ባሳተመው ዝርዝር 234 ናቸው። ከእነርሱ መካከል በግዕዝ የተጻፈው የሄርማስ መጽሐፍ ይገኛል፤ ይህንንም በ1860 አሳተመው። መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። በዘመነ መሳፍንትና ከዚያ በኋላ በጎንደር የደረሰውን ቃጠሎና ዘረፋ ሳስብ ተጠብቀው መኖራቸው ያስደስተኛል፤ በሌላ በኩል የእኛ ሊቅ የአያቱን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገር ወይም በመስታወት ላይ ምስሉን መመልከት ግዴታው ሆኗል። ተራራው ተለክቶም በቦታው ይቀራል፤ መጽሐፍ ግን እንደዚያ አይደለም።

ዳባዲ አርጅቶም አላረፈም። በ1882 ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት በ72 ዓመቱ የፈረንሳይን ጓድ መርቶ ሄይቲ ሄደ። በ1892 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። በመጋቢት 1897 በፓሪስ ሞተ፤ የተቀበረውም በስፔን ጠረፍ አጠገብ፣ በአንዳይ ከተማ፣ በውቅያኖሱ ዳር ባሠራው ቤቱ የጸሎት ቤት ሥር ነው። ቤቱን ከነንብረቱ ለአካዳሚው አወረሰ። በዚያ የተቋቋመው የኮከብ መመልከቻ እስከ 1975 ድረስ ሠርቷል፤ የብዙ ከዋክብትም ቦታ ተለክቶበታል።

በባብያ ደን የባረከው ውሃም ሥራ ይዟል። የጊልገል ጊቤ አንደኛ ኃይል ማመንጫ በ2004፣ ሁለተኛው በ2010 ተመረቁ፤ ኦሞ ላይ የተሠራውና ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሦስተኛው ግድብ፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ በ2016 ተመረቀ። ውሃው ከተርባይኖቹ ወጥቶ የሚሄደው ወደ ቱርካና ነው።

የአንዳይን ቤት ያየሁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው። በ1864 ተጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ያህል የፈጀ ነው፤ በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ሕይወት ሥዕሎችና በእኛው ፊደል የተጻፉ ጽሑፎች አሉበት። ከሥዕሎቹ ይልቅ እኔን የያዘኝ በግድግዳዎቹ ውስጥ ያለፈ አንድ ቀዳዳ ነው። ዳባዲ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለመለካት ስለ ፈለገ፣ ላሩን የተባለው ተራራ ጫፍ ከመመልከቻው ክፍል ይታየው ዘንድ የቤቱን ግድግዳዎች በአንድ መስመር አስበሳቸው። ሙከራው አልሠራም፤ በቀዳዳው ውስጥ የፈለገውን አላየም። ቀዳዳውን ግን አልደፈነውም፤ በባስክ ቋንቋ ምንም እንዳልታየበትና ምንም እንዳልተማረበት በድንጋዩ ላይ አስቀርጾ ተወው። ድንጋዩም ቀዳዳውም አሁንም እዚያው አሉ።